ለምግብ ቀን የብሔር ፎርም አታስሞሉ

በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የምግብ ቀን ልታዘጋጁ ለተነሣችሁ ወላጆች ነው የምጽፈው። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ግማሹን ንዴት እተርፍ ነበር።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ሰው የመጣው በዕጣ ነው፤ አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ ሌላው ከክፍለ ሀገር መጥቶ ተከራይቶ። በአንድ ደረጃ እየወጣ እየወረደ ስም የማይተዋወቅ ሞልቷል። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ካርድ ሊወስድ ወይም ልጁ ተደባድቦ ሲጠራ ነው። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ውስጥ ስላለሁ «በምግብ እንጥራቸው» አልኩ። ርእሰ መምህሯ ፈቀዱ። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የከተማዋ የምገባ ፕሮግራም የሚሠሩት እናቶች ወጥ ቤታቸውን ሰጡን፣ ድንኳን ከዕድር ተገኘ።

ጣጣው ከላይ መጣ። ቀኑ ሕገ መንግሥቱ በ1987 የጸደቀበት ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይሁን ተባለ። እሺ። አብሮት ግን ፎርም መጣ፦ የተማሪ ስም፣ ብሔር፣ የሚቀርብ ባህላዊ ምግብ። ጠረጴዛውም በየብሔሩ እንዲሆን።

ልጆቹ ፎርሙን ቤት ይዘው በሄዱ ማግስት የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ታመሰ። «ለምን ተፈለገ?» «ማን ነው የሚያየው?» ባለፉት ዓመታት ያየነውን ላየ ሰው ይህ የቅብጠት ጥያቄ አይደለም። አንድ አባት ብሔር በሚለው ላይ «አዲስ አበባ» ብለው ሞሉ። አንዷ እናት ፎርሙን አራት ቦታ አጣጥፋ ባዶውን መለሰችው። አባቷ ጉራጌ፣ እናቷ የትግራይ ልጅ የሆነች የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ መምህሯን «እኔ የቱ ጠረጴዛ ጋ ነኝ?» ብትል «አንዱን ምረጪ» ተባለች። ይቺ ነገር እስካሁን ታንገበግበኛለች።

ፎርሙን የላከው ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ከስልኩ ቀና ሳይል «ሪፖርት ላይ የሚሞላ ዓምድ ስላለ ነው» አለኝ።

«ባዶ ብንተወውስ?»

«ባዶ አይሆንም።»

«ሁለት ለሆነ ልጅ ምን እንጻፍ?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ባነሩ ግን ሦስት ሜትር ይሁን።»

ተመልሼ ፎርሙን ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። በየክፍሉ አንድ ወላጅ መርጠን ስልክ አስደወልን፤ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «ቤትዎ እንግዳ ሲመጣ ምን ይሠራሉ?» ለዚህ መልስ ያጣ የለም። ጠረጴዛውንም ቀጥ አድርገን አንድ ላይ ገጠምነው።

ሌላው ጭቅጭቅ ጾሙ ነበር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ነው የሚፈታው። ኮሚቴው ውስጥ «ያለ ክትፎና ያለ ዶሮ ምን የባህል ምግብ አለ? ከገና በኋላ ይሁን» የሚሉ ነበሩ። ተቃወምኩ፤ አሁንም እቃወማለሁ። በፍስክ ቢሆን የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ ተብሎ ድስቱ ሁለት፣ ጠረጴዛው ሁለት ነው። በጾም ግን ሁሉም ከሁሉም ይቀምሳል። ቆጮ ያለ ቅቤ ከጎመን ጋር መጣ፣ የኮንሶ ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል፣ የወላይታ ዳጣ፣ የምስር ሳምቡሳ። ትምህርት ቤቱን ረግጣ የማታውቅ አንዲት እናት ምገባ ወጥ ቤት ውስጥ ሕልበት ስትመታ፣ ነጭ አረፋ ሆኖ ሲነሣ የምገባ እናቶቹ ከበቧት። «እንቁላል አለበት እንዴ?» «ኧረ የለበትም፤ ባቄላና አብሽ ነው» ብላ በእጃቸው ጠብ አደረገችላቸው። ስልሱን እስክታወጣ አልጠበቋትም። ዓሣ ያመጣች ነበረች፤ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ለሊቃውንት ትቼ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩላት። ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው።

ስታዘጋጁ እንጀራውን ከዋዜማው አስጋግሩ፤ መብራት አይታመንም። ውሃ በሮቶ አስሞሉ። ሳህኑ አጠገብ የምግቡን ስምና የገባበትን ብቻ ጻፉ፣ በተለይ ለውዝ ካለ። ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ከመጣ ሰው ከበላ በኋላ ይናገር፤ «ፕሮቶኮል» ቢሏችሁም አትስሙ፣ ወጥ ይቀዘቅዛል።

ሪፖርቱን በላክኩ ጊዜ፣ ብሔር በሚለው ዓምድ ቆጮ፣ ኩርኩፋ፣ ሕልበት እያልኩ ሞላሁት። «ይስተካከል» ተብሎ ተመለሰ። አላስተካከልኩትም።