ጥቁር የለበሰችው ልጅ

ኦስሎ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አየሁ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ናት፤ ጫማዋ፣ ጥፍሯ፣ ከንፈሯ ሳይቀር። እኛ ጋ እንዲህ የለበሰ ሰው ሲታይ የሚባለው የታወቀ ነው። በተሰባበረ ኖርዌጅኛ "ማን ሞቶብሽ ነው? እግዜር ያጽናሽ" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ነገሩ ሲገባት የሎከሯን በር ከፈተች። በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ከጋዜጣ የተቆረጠ ካርቱን ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል። ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ "ማንም አልሞተም፣ እኔ ይቺ ነኝ" አለችኝ።

የካርቱኗ ልጅ ኔሚ ትባላለች። መሳል የጀመረቻት ሊሴ ሚሬ የምትባል ኖርዌጂያዊት ናት፤ በ1997 እ.ኤ.አ.። ካርቱኑ መጀመሪያ ስሙ "ጥቁሩ ገጽ" ነበር፣ ኋላ ላይ ነው በልጅቷ ስም የተጠራው። ኔሚ ጸጉሯ ረጅም፣ ልብሷ ጥቁር፣ ሜታል የሚባለውን ጊታሩ የሚጮኽ ከባድ የሮክ ሙዚቃ የምትሰማ ልጅ ናት። ደግሞ ቸኮሌት ትወዳለች፣ እንስሳ ሲጎዳ አትችልም፣ ድራጎን ያለበት ተረት ነፍሷ ነው። ሲያን የምትባል ሰማያዊ ጸጉር ያላት ጓደኛ አለቻት።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ያንን ሙዚቃ እፈራው ነበር። ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በርገን ውስጥ ፋንቶፍት የተባለችው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፣ ከዚያም ሌሎች፤ ብላክ ሜታል ከሚባለው የሜታል ዓይነት ሙዚቀኞችም በቤተ ክርስቲያን ማቃጠል የተፈረደባቸው አሉ። ይሄንን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ግን ጥቁር ለብሶ ጊታር የሚሰማ ሁሉ ክብሪት የያዘ አይደለም። ያንን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ከቋንቋ መጽሐፌ ይልቅ እነዚያን ትንንሽ የካርቱን ሳጥኖች በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሳነብ ነው የገባኝ።

ካርቱኑ ውስጥ የሚያስቀው የኔሚ ልብስ አይደለም። ልብሷን አይቶ የሚደናገጠው፣ ቡና ቤት ውስጥ የማይረባ ወሬ ይዞ የሚጠጋት ሰውዬ ነው። እሷም ስትሳሳት ይሳቅባታል፣ ግን ቀልዱ ከቤት የወጣ ነው፣ እናት በልጇ እንደምትቀልደው። የውጭ ሰው ቢቀልደው ስድብ የሚሆነው ነገር እዚያ ዝምድና ይሆናል። እኛስ በዘፈናችን፣ በሠርጋችን፣ በእስክስታችን እርስ በርስ ስንቀልድ እንዲሁ አይደል? ቀልዱ ሳይተረጎምለት የሚስቅ፣ እሱ የእኛ ነው።

ያቺ የሥራ ቦታዬ ልጅ ደግሞ ለአንዲት የዘጠና ዓመት እናት ሾርባ ስታበላ በየማንኪያው እፍ እያለች አብርዳ ነው። በእነዚያ ጥቁር ጥፍሮች አገጯን በናፕኪን ትጠርጋለች። ባየኋት ቁጥር ሥዕሏ ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደሴ ከተማ ውስጥ አረፈች። በማግሥቱ ጥቁር ለብሼ ሥራ ገባሁ። ልጅቷ ልብስ መቀየሪያው ጋ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይሄ ጥቁር የእኛ ነው ወይስ የእናንተ?" አለችኝ።

"የእኛ" አልኳት። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።