ካልጉርሊ፦ ሰው ሲሸሸው እየሰፋ የሄደ የምርጫ ክልል

ካርታ ዘርግቶ ማየት ከልጅነቴ የያዘኝ ልማድ ነው። ከምርጫ ካርታዎች ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ የነበረው የካልጉርሊ የፌዴራል ምርጫ ክልል ነው። ክልሉ በ2010 ሲፈርስ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስፋቱ ወደ 2.3 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ አስቀምጦ ቦታ የሚተርፈው ምድር ማለት ነው። ይህን ሁሉ አገር በተወካዮች ምክር ቤት የሚወክለው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የተመዘገቡት መራጮች 80,000 ገደማ ነበሩ።

ሲመሠረት ግን እንዲህ ሰፊ አልነበረም። በ1893 ፓዲ ሃናንና ጓደኞቹ ወርቅ ካገኙ በኋላ፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ከፐርዝ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ደረቅ ምድር ላይ ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ቆፋሪዎች ጎረፉበት። እነዚህ ሰዎች ከፐርዝ ገዢዎች ጋር ብዙም አይዋደዱም ነበር። ፐርዝ የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች አንድ አገር ወደሚሆኑበት ፌዴሬሽን ለመግባት ሲያመነታ፣ የወርቅ አካባቢው ነዋሪዎች ተገንጥለን የራሳችንን ቅኝ ግዛት እናቋቁማለን እስከ ማለት ደረሱ፤ በ1900 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔም ድምፃቸውን በብዛት ለፌዴሬሽኑ ሰጡ። በ1901 የመጀመሪያው ተመራጭ የሆነው ጆን ኪርዋንም የዚሁ ንቅናቄ መሪና የአካባቢው ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1903 ለሌበር ፓርቲው ቻርሊ ፍሬዘር ለቀቀ። ፍሬዘር የባቡር ሞተር ነጂ የነበረ ሲሆን፣ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሶ በ1913 ገና በ33 ዓመቱ ሞተ።

እሱን የተካው የዚያው የሌበር ሰው ሂው ማሆን ነው፤ የክልሉን ታሪክ ሳነብ ረጅሙን ጊዜ የማጠፋው እዚህ ሰው ላይ ነው። ማሆን የአየርላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በአየርላንድ የመሬት ትግል ምክንያት ታስሮ ነበር። በ1917 ተሸንፎ በ1919 መጨረሻ መቀመጫውን መልሶ አገኘ። በኦክቶበር 1920 የአየርላንዷ የኮርክ ከተማ ከንቲባ ቴሬንስ ማክስዊኒ በለንደን እስር ቤት በርሃብ አድማ ሲሞት፣ ማሆን ሜልቦርን ውስጥ በተጠራ ሰልፍ ላይ የእንግሊዝን አገዛዝ በጠንካራ ቃላት አወገዘ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሊ ሂውዝም ነገሩን ክህደት አድርገው ወደ ምክር ቤቱ አመጡት፤ አባላቱም በየፓርቲያቸው ተሰልፈው ድምፅ ሰጡና ማሆን በኖቬምበር ተባረረ። ከአውስትራሊያ የፌዴራል ፓርላማ የተባረረ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ በ1987 የወጣ ሕግ ምክር ቤቶቹን ከማባረር ሥልጣን ስላወረዳቸው ሌላ ሊጨመርበትም አይችልም።

ቅጣቱ ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ። ካልጉርሊን ማን ይወክላት የሚለውን የሚወስኑት የካልጉርሊ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ማሆንን ከመረጡት ገና አንድ ዓመት አልሞላቸውም። ለዚህ ክርክሬ የማይመቸኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ማሆን በዲሴምበር በተካሄደው ማሟያ ምርጫ እንደገና ሲቀርብ፣ እነዚያው መራጮች የመንግሥቱን ወገን እጩ ኤድዋርድ ፎሊን መረጡ። በአውስትራሊያ ገዢው ወገን በማሟያ ምርጫ ከተቃዋሚ መቀመጫ መውሰድ የቻለው ከዚያ በኋላ በ2023 ብቻ ነው፤ ያውም ከዚህ በረሃ እጅግ በራቀ የሜልቦርን ዳርቻ።

በ1922 አልበርት ግሪን ወንበሩን ለሌበር መለሰ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1940ም ያዘው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥርተ ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ የማዕድንና የእርባታ ሠራተኞች ማኅበራት ጠንካራ ስለነበሩ፣ የሌበር ዋነኛ ተቀናቃኝ የሆኑት ሊበራሎች እስከ 1980 ድረስ ክልሉን የያዙት ከ1958 እስከ 1961 እና ከ1975 እስከ 1980 ብቻ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ይበልጥ የተለወጠው ካርታው ነው። የምርጫ ክልሎች የመራጭ ቁጥር ተቀራራቢ መሆን ስላለበት፣ ፐርዝ ባደገችና የወርቅ ከተሞቹ በሳሱ ቁጥር የካልጉርሊ ወሰን የጎደለውን መራጭ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፒልባራና ወደ ኪምበርሊ ተገፋ። ወርቅ ቆፋሪው፣ የከብት እረኛው፣ የብረት ማዕድን ሠራተኛውና የባሕር ዳርቻው ዓሣ አጥማጅ በአንድ ወንበር ሥር ገቡ። በፒልባራ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አዳዲስ የብረት ከተሞች ቢቆረቆሩም፣ በኋላ በአውሮፕላን እየተመላለሰ የሚሠራው ብዙ ሰው ቤቱ ፐርዝ ስለሆነ ድምፁም እዚያው ቀረ።

በዚያ ሰፊ ምድር ላይ ከማንም በፊት የነበሩት ቀደምት ሕዝቦች የተቆጠሩት ዘግይተው ነው። በ1902 የወጣው የምርጫ ሕግ ሴቶችን ሲያካትት፣ የአውስትራሊያን፣ የእስያንና የአፍሪካን ተወላጆች ከጥቂቶች በቀር ከመዝገብ አስቀረ (አፍሪካ መጠቀሷን ሳይ አንድ አፍታ ቆም ብዬ ነበር)። ቀደምቶቹ በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1962 ሲሆን፣ እንደሌላው ዜጋ የመመዝገብ ግዴታ የመጣው በ1984 ነው። በየመንደሩ እየዞረ ድምፅ የሚቀበል ተንቀሳቃሽ ጣቢያም ከዚያው ዘመን ወዲህ የተለመደ ነው።

በ1980 ለሌበር የተመረጠው ግሬም ካምቤል፣ በእንዲህ ያለ ክልል ከፓርቲ ስም ይልቅ የሰው ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን አሳይቷል። በስደተኞች ቅበላና በቀደምት ሕዝቦች የመሬት መብት ላይ ፓርቲውን አጥብቆ ሲቃወም በ1995 እጩነቱን ተነጠቀ፤ በ1996 ግን በግል ቀርቦ አሸነፈ። አቋሙን ባልወድለትም፣ ለዓመታት ርቀቱን ችሎ የዞረ ሰው በመራጮቹ ዘንድ እንደሚታወስ መካድ አይቻልም። ይህም ለአንድ ምርጫ ብቻ በቃው። በ1998 የእሱኑ ዓይነት ቅሬታ የያዘው ዋን ኔሽን ፓርቲ በመምጣቱ ድምፁ ተከፈለ፣ ወንበሩም ለሊበራሉ ባሪ ሃስ ሆነ። ሃስ ሌበር አገሪቱን ባሸነፈበት በ2007 እንኳ አልለቀቀውም።

በ2010ሩ ምርጫ ክልሉ ተከፈለ። ሰሜኑ ዱራክ ተብሎ ሃስን ተከትሎ ሄደ፤ የካልጉርሊ ከተማ ደግሞ ኦኮነር ወደሚባለው ክልል ገባች። እዚያም ከ1980 ጀምሮ ወንበሩን ይዞ የነበረው ዊልሰን ተኪ ለናሽናል ፓርቲው እጩ ለቶኒ ክሩክ ተሸነፈ። የካልጉርሊ ስም ዛሬ የምርጫ ክልል ሆኖ የሚገኘው በፌዴራሉ ፓርላማ ሳይሆን በፐርዙ የግዛት ምክር ቤት ነው።