ስቲከሩ ሲያልቅ

የእህቴ ልጅ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ የድመት ጺም አንድ በአንድ እየቆጠረች ትስላለች። አላስችል አለኝና «ለእያንዳንዱ ስዕል ስቲከር እሰጥሻለሁ» አልኳት። (ጎበዝ አጎት መሆኔ ነው።)

ወዲያው ስድስት ድመት ቀረበልኝ። የመጨረሻዋ ክብና ሁለት ነጥብ ብቻ ናት። «ጺሟስ?» ስላት መዳፏን ዘረጋችልኝ። ስቲከሩ ሲያልቅ እስክሪብቶውን ከድና ሄደች።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ትዝ አለኝ። መሳል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ሲስሉ፣ በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ለስዕል የሚሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኘ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን እንደ ድሯቸው ሳሉ። ማበላሸቱ ከሽልማቱ ይልቅ ከውሉ ነው መሰለኝ።

ማታ የመጀመሪያዋን ድመት አሳይቻት «ይቺን ስትስይ ምን እያሰብሽ ነበር?» አልኳት።

«ድመቷን።»