አረንጓዴውን 5151 ሞኒተር እያሳረፍኩ መሥራት ጀመርኩ

በመጨረሻ የኤክስቲ ኮምፒውተሬ (የ1980ዎቹ የአይቢኤም ፒሲ ዓይነት) ጽሑፍ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ሳይንቀጠቀጥ ጥርት ብሎ ቆመ። አጠገቡ ያለው የአይቢኤም 5151 ሞኒተር ጠፍቶ ያርፋል፤ ደስ ያለኝም ይኸው ነው። ከእንግዲህ ፋይል ለመገልበጥና ፕሮግራም ለመጻፍ ብዬ ሰዓታት ሙሉ የሞኒተሩን የምስል ቱቦ አላደክምም። አሮጌ ኮምፒውተር ለምታድሱ የሙያ ወዳጆቼ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ማሽኑን ስለማጽዳት፣ ስለ ፓወር ሰፕላይና ስለ ፍሎፒ ድራይቭ አልፈዋለሁ፤ አብዛኞቻችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ወደ ስክሪኑ ልግባ።

5151 በ1981 ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር የወጣ ሞኒተር ነው። ምስሉን በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ፣ ብልጭ ድርግም እንዳይል ብርሃኑን ቶሎ የማይለቅ ፒ39 የሚባል ፎስፈር (በቱቦው መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ ሆኖ ብርሃን የሚሰጥ ቅብ) ተቀብቶበታል። ለዓይን የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ግን የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ሜኑአቸውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ፎስፈሩ እዚያው ቦታ ላይ ይቃጠላል። ጠፍቶ እንኳ የድሮ ሜኑ ጥላ የሚነበብበት ሞኒተር ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ይባስ ብሎ 5151 የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። መብራት የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ሶኬት ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ እስከበራ ድረስ እሱም ይበራል።

ስክሪን የሚያጨልሙ ፕሮግራሞች ከ1983 ጀምሮ አሉ። ጥሩ ናቸው፣ ግን በእነሱ ብቻ መተማመን ተገቢ አይመስለኝም። የሚያድኑት ፎስፈሩን ነው። ስክሪኑ ጨልሞም ፊላመንቱ እንደጋለ ነው፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩም ሥራ ላይ ነው፤ ካፓሲተሮቹም በሙቀቱ ይደርቃሉ። ሞኒተርን በእውነት የሚያሳርፈው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጨማሪ ዕቃዬ በመብራት ኬብሉ መሐል የገባ ማብሪያ ማጥፊያ ሆነ። የሞኒተሩን ሣጥን መክፈት አያስፈልገውም። ውስጡ ጠፍቶም ሊቆይ የሚችል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስላለ፣ ልምድ የሌላችሁ እባካችሁ አትክፈቱት።

ሁለተኛው ዕቃ ግማሽ ጊዜዬን የወሰደው ነው፤ አርጂቢ ቱ ኤችዲኤምአይ የሚባለው መቀየሪያ። በራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ ላይ የምትሰካ ትንሽ ሰሌዳ ናት፤ ከኤምዲኤ ካርዱ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ ለ5151 ጽሑፍ የሚልከው ካርድ) የሚወጣውን ዲጂታል ሲግናል አንብባ ለዘመናዊ ስክሪን ትሰጣለች። ሲግናሉን ወደ አናሎግ ቀይረው መልሰው ዲጂታል ከሚያደርጉት ርካሽ ሣጥኖች ጋር አላወዳድራትም። እነሱ ላይ ፊደሉ ሁሉ ይደበዝዛል።

ስሰካት ምስሉ ወዲያው መጣ፤ ፊደሎቹ ግን ይዘላሉ። በአንዳንድ ዓምዶች ላይ የ«ኤም» ፊደል አንድ እግር ይጠፋል፣ በሌሎቹ ላይ ይወፍራል። በመቀየሪያዋ ሜኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየነካኩ ሞከርኩ፤ የኬብል ችግር ነው ብዬም ቀየርኩ። መፍትሔው የተገኘው ካርዱ ራሱ እንዴት እንደሚቆጥር ሳሰላ ነው። የኤምዲኤ አንድ ፊደል 9 ፒክሰል ስፋት አለው፤ 80 ፊደል ሲሆን 720 ይመጣል። ካርዱ ግን በየመስመሩ የማይታየውን ጨምሮ የ98 ፊደል ጊዜ ይቆጥራል፤ 98 በ9 ሲባዛ 882። የፒክሰል ሰዓቱ፣ ማለትም ካርዱ ፒክሰል የሚልክበት ፍጥነት፣ 16.257 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለ882 ሲካፈል 18.432 ኪሎኸርዝ ገደማ፣ ማለትም የሞኒተሩ የመስመር ፍጥነት (በሰከንድ የሚስላቸው መስመሮች ብዛት) ይሆናል። ሜኑው ውስጥ 16257000 እና 882 ስጽፍ መዝለሉ በአንዴ ቆመ!

ለመፈተሽ ስክሪኑን በቁምፊ ቁጥር 177 ሙሉት፤ ነጠብጣብ የሞላበት ሳጥን ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከተሳሳተ ቀጥ ያሉ ጥላዎች ቶሎ ይታያሉ፤ በተራ ጽሑፍ ግን ላይታዩ ይችላሉ። ካሊብሬሽኑን (መቀየሪያዋ ሲግናሉን የምታነብበትን ቅጽበት ማስተካከል) ደግሞ ካርዱ ከሞቀ በኋላ አድርጉት። እኔ ዘንድ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ትክክለኛው የንባብ ቅጽበት ይለያያል።

ሌላው እንቅፋት 50 ኸርዝ ነው። ብዙ የኮምፒውተር ስክሪኖች አይቀበሉትም፤ ቴሌቪዥኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላሉ። በ60 ኸርዝ ማስወጣትም ይቻላል፤ ጽሑፉ ወደ ላይ ሲንሸራተት ትንሽ ይቆራረጣል እንጂ ለሥራ አያስቸግርም።

ሁለቱም ስክሪኖች እንዲሠሩ ሲግናሉን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በመሐል 74 ኤችሲቲ 244 ባፈር (ሲግናሉን አጠንክሮ የሚያስተላልፍ ቺፕ) አስገብቻለሁ፣ የካርዱ ጫና እንዳይጨምር። አንድ ነገር አደራ፦ የሲጂኤ ቀለም ካርድም ያንኑ ባለ 9 እግር ኮኔክተር ይጠቀማል። ፍጥነቱ ግን 15.7 ኪሎኸርዝ ነው። 5151 የመስመር ፍጥነቱን ከካርዱ ስለሚቀበል፣ በስህተት ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል። ኬብሎቻችሁ ላይ ምልክት ለጥፉ።

ይህን ሁሉ ብዬም ማታ ላይ አረንጓዴውን አበራዋለሁ። ጠፍጣፋው ስክሪን ያንን ቀስ እያለ የሚጠፋ ብርሃን አይሰጥም፤ የሚመስለውን ቀለም መርጬ ሞክሬ አልረካሁም። ብሩህነቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሥራዬን ስጨርስ ወዲያው አጠፋዋለሁ። «አሮጌ ቱቦ ጨርሶ አይበራ» የሚሉትን አልደግፍም። የምንቆጥበው ልናየው ነውና።

ቀጣዩ ሥራዬ የሄርኩለስ ካርድ ነው፤ በ5151 ላይ ከጽሑፍ ሌላ ግራፊክስም የሚያሳይ ካርድ። ግራፊክስ ሲገባ የመስመሩ የፒክሰል ቁጥር ከ882 ወደ 864 ስለሚለወጥ በመቀየሪያዋ ላይ ሁለተኛ ፕሮፋይል (የተቀመጠ የቁጥሮች ስብስብ) ይፈልጋል። ሁለቱ ፕሮፋይሎች በራሳቸው እንዲቀያየሩ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ቁጥሮቻችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።