ምስማር፣ ሽቦ እና አንድ ድንጋይ
ለ8ኛ ክፍል ልጆች ኤሌክትሮማግኔት (በኮረንቲ የሚሠራ ማግኔት) ሳስተምር ላብራቶሪ አልጠብቅም። ሽቦውን ሞተር ከሚጠመጥሙ ልጆች ሱቅ አመጣለሁ፤ የተረፋቸውን ቁራጭ በትንሽ ብር ይሰጡኛል። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታውን ግን አልወስድም። ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽ ስላለቀ ሽቦው እርስ በርሱ ይነካካል፣ ኮረንቲውም ዙሩን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል።

መጀመሪያ ኮምፓስ አሳያቸዋለሁ። ሽቦውን ከቀስቱ በላይ በቀስቱ አቅጣጫ ዘርግቼ ከባትሪ ድንጋዩ ጋር ሳገናኘው ቀስቱ ዞር ይላል። ዴንማርካዊው ኤርስቴድ በ1820 እ.ኤ.አ. ያየው ይህንኑ ነው። ማግኔቱ የመጣው ከኮረንቲው መሆኑን እዚህ ላይ ይረዱታል። ምስማሩ አጋዥ ነው።

ከዚያ ሽቦውን ምስማሩ ላይ ጥምጠማ። አጥብቆ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ። ጫፎቹን በምላጭ ፍቆ ቫርኒሹን ማንሳት ግድ ነው። «ቲቸር፣ የኔ አይሠራም» የሚል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ክርክሩ የሚነሳው ዙር ላይ ነው። «ዙር ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል» የሚለውን ሸምድደው ይመጣሉ። 50፣ 100፣ 200 ዙር አስጠመጥማቸዋለሁ፣ በአንድ ድንጋይ። 100 ላይ የሚለጠፈው አግራፍ ደህና ይጨምራል። 200 ላይ ግን እጥፍ አይሆንም። ሽቦው ሲረዝም ሬዚስታንሱ (ኮረንቲን የመቋቋም ጠባዩ) ያድጋል፣ ከረንቱም (የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን) ይቀንሳል። ዙሩ የሰጠውን የከረንቱ መቀነስ ይነጥቃል ማለት ነው። ትርፉ ሌላ ቦታ ነው፦ 50 ዙሩ ድንጋዩን አግሎ ቶሎ ይጨርሰዋል፣ 200 ዙሩ ብዙ ይቆያል።

ሒሳቡን እዚያው እንሠራለን። 1.5 ቮልት በ2 አምፔር 3 ዋት ነው፤ በየሰከንዱ 3 ጁል። አግራፍ አንጠልጥሎ መቆም በፊዚክስ ሥራ ስላልሆነ ጉልበቱ ሽቦና ድንጋይ ከማሞቅ በቀር የትም አይሄድም። ከተበላሸ ስፒከር የፈታነው ማግኔት ደግሞ ያለ ድንጋይ ይዞ ያድራል።

«ታዲያ ኤሌክትሮማግኔት ለምን አስፈለገ?» ትላለች አንዷ። ሲፈለግ ስለሚጠፋ ነዋ! ጉልበቱም ስለሚስተካከል። በሕዳሴ ግድብ ጄኔሬተሮች ውስጥ የሚሽከረከረው ኤሌክትሮማግኔት ነው፤ ለእሱ የሚሰጠውን ከረንት ከፍ ዝቅ በማድረግ ቮልቴጁን ይቆጣጠሩታል።

በምስማሩ ፋንታ ካቻቢቴም ሞክሩ። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ድንጋዩ ከተነቀለ በኋላም አግራፍ ያነሳል። ሶኬት ላይ ግን በፍጹም! እዚያ ያለው 220 ቮልት ነው።