የኮንክሪት ስንጥቅ በምን ይደፈን?

"ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ውሃ ያስገባል፣ ምን ልቀባው?" የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል፣ እኔ ደግሞ ሁሌም መልሼ የምጠይቀው ስንጥቁ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል ብዬ ነው። ይሄ ሳይታወቅ ኬሚካል መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ኮንክሪት ሲሞቅ ይለጠጣል ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ 10 ሜትር የሚረዝም ሶሌታ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 3 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል። እዛ ላይ ሲሚንቶ በጥብጦ መድፈን ለምን እንደማይበረክት አስቡት፣ ሲሚንቶው ራሱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መለጠጥ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ይተዋል፣ ውሃ ደግሞ ከዛ በላይ አይፈልግም። ስንጥቁ መንቀሳቀሱን ለማወቅ ከውስጥ በኩል ደረቅ ቦታ ላይ ስንጥቁን አቋርጦ ስስ ጄሶ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበት፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጄሶው ከተሰነጠቀ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

የቆመና ደረቅ ስንጥቅ ከሆነ ኢፖክሲ ኢንጀክሽን (ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ በግፊት ስንጥቁ ውስጥ ማስገባት) ነው የምመርጠው፣ የተሰነጠቀውን መልሶ አንድ ያደርገዋል። ግን ደረቅ ግትር ነገር ነው፣ ሲሳብ ያለው ጥንካሬ ከኮንክሪቱ ይበልጣል፣ ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ እሱ አይሰበርም፣ አጠገቡ ያለው ኮንክሪት ነው አዲስ የሚሰነጠቀው።

ለሚንቀሳቀሰው ፖሊዩሬቴን ሲላንት (እንደ ጎማ የሚለጠጥ መድፈኛ) ይሻላል፣ ዋናው ግን አሠራሩ ነው። ስንጥቁ ላይ ዝም ብሎ መቀባት አይሆንም፣ በግራይንደር ይከፈታል፣ አቧራው በደንብ ይጸዳል፣ ከስር የፎም ገመድ ይገባል፣ ከዛ ሲላንቱ ይሞላል፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ከሆነ ጥልቀቱ 6 ሚሊ አካባቢ ይበቃል። ፎሙን ብዙ ሰው ማቴሪያል መቆጠቢያ ይመስለዋል፣ እሱም አለ፣ ግን ትልቁ ሥራው ሲላንቱ የስንጥቁን ወለል እንዳይዝ ማድረግ ነው፣ ግራና ቀኙን ብቻ ሲይዝ እንደ ልቡ ይለጠጣል፣ ወለሉንም ከያዘ ግን ይቀደዳል። ሲሊኮን ኮንክሪት ላይ ብዙም አልወድም፣ ቀለም አይዝም፣ በኋላ ልቀይረው ሲባል ደግሞ ቅሪቱ ላይ ሌላ ነገር አይጣበቅም።

ውሃ እየፈሰሰ ያለበት የምድር ቤት ግድግዳ ሌላ ነው፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚያብጥ ፖሊዩሬቴን ፎም በኢንጀክሽን ይገባል፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ የሚደርቀው ፈጣን ሲሚንቶም ፍሰቱን ለማቆም ይረዳል፣ ስንጥቁ የማይንቀሳቀስ ከሆነ። የመጠጥ ውሃ ታንከር ከሆነ ደግሞ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ የሚል እቃው ላይ ካልተጻፈ ባትነኩት ይሻላል።

በስንጥቁ ዙሪያ የዝገት ቀለም ካያችሁ ግን ምንም አትቀቡ፣ ውስጥ ያለው ብረት (ፌሮው) ዝጓል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋው ነው፣ መጀመሪያ ተፈልፍሎ ፌሮው መጽዳት አለበት። ስንጥቁ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ወይ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ካለ ሲላንት ከመግዛታችሁ በፊት ኢንጂነር ይየው።