101ኛው ዕቃ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር የዕቃ ዝርዝሩን ኮንቴንትፉል በተባለ የኢንተርኔት የይዘት ማከማቻ ይይዛል፤ ድረ ገጹ በኔክስት ጄኤስ (የድረ ገጽ መሥሪያ መሣሪያ) የተሠራ ነው። ዋጋ ተቀይሮ ፐብሊሽ ሲደረግ (ለሕዝብ ሲለቀቅ) ዌብሁክ፣ ማለትም ለውጡን በራሱ የሚያሳውቅ መልእክት፣ አዲስ ቢልድ ያስነሣል፤ ገጹ ከዝርዝሩ እንደ አዲስ ይሠራል። ሰባት ዓይነት አዲስ ቀለም እስኪገባ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ፕሮግራመሩ ዘንድ ደወለች። «ኧረ ወንድሜ፣ ጥቁር ሽቦ ከገጹ የለም። ደንበኛ አልቋል ብሎ ሄደ።» ኮንቴንትፉል ውስጥ ግን ሽቦው አለ፤ ፐብሊሽድ ይላል። መጀመሪያ የተወቀሰው ኔቱ ነው፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ጥፋት ሁሉ በኔትና በመብራት ይሳበባል። እሷ ዋጋውን ነካ አድርጋ እንደገና ፐብሊሽ ስታደርገው ሽቦው ተመለሰ። ከሰዓት የበር ማጠፊያ ጠፋ። ማጠፊያውን ስትመልስ ሲፎኑ ሄደ።

ነገሩ የተገለጠው የኤፒአዩ ምላሽ (ገጹ ሲሠራ ዝርዝሩ ሲጠየቅ ኮንቴንትፉል የሚመልሰው) ሲነበብ ነው፦ ቶታል (ጠቅላላ ብዛት) 107፣ ስኪፕ (ከመጀመሪያ የሚዘለለው) 0፣ ሊሚት (በአንድ ጥሪ የሚሰጠው ጣሪያ) 100። ሊሚት ካልተጻፈ ኮንቴንትፉል 100 ብቻ ይሰጣል። ምላሹ 200 (የ«ተሳክቷል» ኮድ) ስለሆነ ቢልዱ አይወድቅም፤ ማንም ስህተት አያይም። ኦርደር (ቅደም ተከተል) ካልተጻፈ ደግሞ ቅርብ ጊዜ የተነካው ከላይ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ሲነካ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች ያለው ይገፋል። ፌሮና ሲሚንቶ ዋጋቸው ስለማያርፍ አይጠፉም፤ የሚጠፋው ዋጋው ረግቶ የተቀመጠው ነው።

ሊሚትን ወደ 1000 ማድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ነገር ግን ረጅም መግለጫና ብዙ የተያያዘ ይዘት ሲኖር ምላሹ 7 ሜጋባይት ካለፈ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። የተሻለው በ100 በ100 እየቆረጡ፣ ስኪፕን እየጨመሩ ቶታል እስኪሞላ መጥራት ነው። ኦርደሩ በሲስ ነጥብ አይዲ (sys.id፣ የማይቀየር የዕቃው መለያ) ይሁን። በታደሰበት ሰዓት ከተደረደረ፣ በሁለት ጥሪ መካከል አንድ ሰው ፐብሊሽ ቢያደርግ ተራው ይንሸራተታል፤ አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የተሰበሰበው ከቶታል ጋር ካልተመሳሰለ ኮዱ ቢልዱን ያቁም፤ የጎደለ ዝርዝር ከሚወጣ የትናንቱ ገጽ ቢቆይ ይሻላል።

ሁሉም ዕቃ የተመለሰ ዕለት ሠራተኛዋ ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደችና ቆም አለች። «ኖራም ጠፍቶ ነበር እንዴ?»